አስቴር ሂስ ያቀረበችበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ካናቴራና አንድ ኮፍያ ይዛ መጣች። ለሰልፍ ልበሱ ተብለው የተሰጣቸው ነው። ጠረጴዛ ላይ ጥላው ወደ ጓዳ ስትገባ አነሳሁት፤ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው እጁ ዝም አይልም። ክሩ የሳሳ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ አንገቱ የሚላቀቅ ዓይነት። የያዘኝ ግን ጨርቁ አልነበረም። ደረቱ ላይ ያለው የህትመት ቀለም ሽታ ነው፤ ገና ያልደረቀ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልጄ ተመልሳ «አባዬ፣ ምነው? አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ያንን ሽታ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸተትኩት ማርቆስና አስቴር የሚባሉ ባልና ሚስት ወዳጆቼ ከጎኔ ተቀምጠው፣ ዓለምን የምንለውጥ የመሰለን ቀን እንደነበር እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ያኔ ሐዋሳ ባጃጅ አታውቅም። ከገበያው እስከ ሐይቁ ዳር በጋሪ ነበር የሚኬደው፤ ዋጋው ሃምሳ ሳንቲም ገባ ሲባል «ኧረ በዛ!» ብለን የጮህንበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ባለጋሪዎቹ ከኔ ሱቅ ቀይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለመኑ የፈረሶቻቸውን ግንባር ያስጌጡ ነበር። አስፋልቱ ያኔም ሰፊ ነው፣ ዛፎቹም ያኔም ጥላቸው ደስ ይላል፤ ግን ከሰዓት በኋላ መሃል መንገድ ላይ ቆመህ ከሰው ጋር ብታወራ የሚጮህብህ መኪና አልነበረም። ሱቄ ገበያው ጥግ ላይ ነበረች፤ በቀኝ ፎቶ ቤት፣ በግራ ካሴት ቤት። የካሴት ቤቱ ባለቤት አንድ ዘፈን ከወደደ ክሩ እስኪበጠስ አይለውጠውም፤ ጠዋት የተከዳ ሰው በአማርኛ ሲያለቅስ፣ ከሰዓት በሲዳምኛ ሠርግ ሲጨፈር እየሰማሁ ነው የሸጥኩት። ቴትሮን፣ ካኪ፣ አቡጀዲ፣ ለሙሽራ ደግሞ ሳቲን። አንድ ጥሩ የቴትሮን ሱሪ ከነስፌቱ ዛሬ አንድ ማኪያቶ በሚጠጣበት ዋጋ ይወጣ ነበር ብላት ልጄ ትስቅብኛለች። ዛሬ ሱቄ የነበረችበት ቦታ ላይ ባለመስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ከታች ስልክ ይሸጣሉ፣ ከላይ ባንክ ነው። በዚያ ሳልፍ አሁንም እግሬ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይላል።

ማርቆስን ያወቅሁት በሱሪ ነው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ ከወላይታ የመጣ፣ ጴንጤ፣ ቀጭን፣ ረጅም። ለሠርጉ ቡናማ ቴትሮን ሊገዛ መጥቶ ዋጋ ሳይከራከር ቀርቶ፣ ጨርቁ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ቀለሙ እንደሚለቅ ሲከራከረኝ ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄን ቤቱ አደረጋት። ሚስቱ አስቴር ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ ሹራብ ትከሻዋ ላይ ጣል የምታደርግ። እኔ በዕድሜ ስለምበልጣቸው እርሱ «ከድሬ» እያለ ሲቀልድብኝ፣ እርሷ ግን እስከ ዛሬ «ጋሽ ከድር፣ እርስዎ» ነው የምትለኝ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ከዚያ ደግሞ ሴት ተወለደች፤ ዓመቷ ሳይሞላ በዚያ በምነግራችሁ ክረምት ሞተች። ድንኳኑ ሥር አብረን ተቀምጠናል። አስቴር ለቅሶ ላይ አልጮኸችም። ሰው ሁሉ ጠንካራ ናት አለ።

ሦስታችንም የድርጅቱ አባል ነበርን። ያኔ «ድርጅቱ» ስትል የትኛው ብሎ የሚጠይቅህ የለም። እኔ የገባሁት ሱቄን ብዬ ነው፤ በነጋዴዎች በኩል ፎርም ሲመጣ ሁሉም ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ። አስቴር የገባችው አለቃዋ «ግቢ» ስላላት ነው። ማርቆስ ግን አምኖ ነው የገባው። የድርጅቱን ደንብ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበዋል። «ከድሬ፣ እዚህ ላይ አባላት መሪያቸውን ይመርጣሉ ይላል። ይመርጣሉ! ከላይ ተጽፎ የመጣ ስም ላይ እጅ ያወጣሉ አይልም» ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። «ደንብ እኮ ነው ማርቆስ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው» እለዋለሁ። እርሱ አይስቅም። ድርጅቱን ትቶ መውጣት የሚባል ሐሳብ በጭራሽ አልነበረውም፤ ቤቱ የኛ ነው፣ የሚያፈስ ከሆነ ጣሪያው ላይ የምንወጣው እኛ ነን ይል ነበር።

ጣሪያው የሚያፈሰው ከከተማው ዳር፣ ቱላ በኩል ነበር። ከተማው እየሰፋ ነው ተብሎ የገበሬው መሬት እየተለካ ይወሰዳል። ለገበሬው ምትክ ቦታ ይሰጠዋል ተባለ፤ ምትኩ ቦታ ግን ሲታይ ገበሬ ያልሆነ ሰው አጥር አጥሮበታል። በዚህ ጉዳይ ነው ጋሽ ዳንጊሶ ወደኛ የመጡት። የቱላ ሰው ናቸው፤ እንሰትና በቆሎ የሚያመርቱ፣ በሰፈራቸው የድርጅቱ ሕዋስ ተጠሪ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አማርኛ ሲናገሩ እያንዳንዱን ቃል አይተው ነው የሚያስቀምጡት። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያ ሲመጡ ሱቄ ጎራ ይላሉ፤ ከባንኮኒው ጀርባ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ እንቀመጣለን፤ ሻይ ከጎን ይመጣል። እዚያ ነው ሐሳቡ የተወለደው። በክፍለ ከተማው ጉባኤ ላይ ከላይ የሚመጣውን ዕጩ ትተን፣ ከአዳራሹ ውስጥ ጋሽ ዳንጊሶን እንጠቁም። ደንቡ ይፈቅዳል። ድምፅ ካገኙ የመሬቱን ጉዳይ ከውስጥ ሆነው ያነሱታል። ይኸው ነው። ሌላ ሴራ አልነበረም።

ክረምቱን ሙሉ ማርቆስ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቱላ ነበር። በጭቃው ከቤት ቤት እየዞረ፣ ከአባላቱ ጋር እንሰቱ ሥር ተቀምጦ በተማራት ሲዳምኛ ያወራል። አንዳንዴ ዝናቡ መንገዱን ሲዘጋው እዚያው ያድራል። አስቴር ደግሞ አዲስ ከተማ ሰፈር ያሉትን የሴቶች ሊግ አባላት ይዛ ነበር፤ አትክልት የሚሸጡ፣ ጸጉር የሚሠሩ፣ የቢሮ ጸሐፊዎች። እኔ ነጋዴዎቹን። ሰዉ እንደፈራን ያህል አልፈራም። ለካስ ሁሉም የሚጠብቀው የሚጠይቀው ሰው ነበር።

የጉባኤው ዕለት በር ላይ ካናቴራ ታደለ። ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ ስለነበር አዳራሹ በሙሉ ቀለም ቀለም ሸተተ፤ መስኮት ክፈቱ ተባለ። ሰብሳቢው፣ ሁልጊዜ ሳፋሪ ለባሽ የነበረ ጨዋ የሚመስል ሰው፣ የተዘጋጁትን ዕጩዎች አነበበ። ከዚያ ለወጉ ያህል «ሌላ ጥቆማ አለ?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

«አለ» አለች አስቴር።

ተነስታ የጋሽ ዳንጊሶን ስም ጠራች። ደጋፊ ሲባል የቱላ ሰዎች፣ ከዚያ የሊጉ ሴቶች፣ ከዚያ የኔ ነጋዴዎች እጃቸውን አወጡ። እጅ ሲወጣ የነበረውን ድምፅ አልረሳውም፤ አዲስ ካናቴራ በአንድ ላይ ሲንኮሻኮሽ። ከላይ የመጣው ዕጩ ወደቀ። ሰብሳቢው ራሱ አጨበጨበ፤ እየሳቀ «ዴሞክራሲ ይሄ ነው!» አለ። እኛም አመንነው። ከሰዓት ጋሽ ዳንጊሶ በሁለት ጋሪ ጭነውን ሐይቁ ዳር ወሰዱንና የተጠበሰ ዓሣ ጋበዙን። ማርቆስ ዓሣውን እንደያዘ፣ ጣቶቹ ዘይት በዘይት ሆነው፣ «አያችሁ? አያችሁ?» ይላል። ሌላ ቃል ጠፋው። አስቴር ሹራቧን አውልቃ ታፋዋ ላይ አድርጋ ውሃውን ትመለከት ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ልጅቷ ከሞተች ብዙ አልቆየም።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ዳንጊሶን ቱላ ድረስ ሄደው ወሰዷቸው። ለጥያቄ ነው ተባለ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አስቴር ሱቄ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። ማርቆስ እዚያው ነበር።

«ሰብሳቢው ቢሮዬ መጣ» አለች። «በሩን ዘጋና ‹ሰኞ ግምገማ አለ። ባልሽ ላይ የምታውቂውን ተነስተሽ ትናገሪያለሽ። ካልተናገርሽ አብረሽው ነሽ› አለኝ።»

ግምገማ የሚባለውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። አባላት ተሰብስበው አንዱ ተነስቶ የሌላውን ጥፋት በአደባባይ የሚናገርበት ነው፤ ሂስ ይባላል። የተነገረበት ሰው ደግሞ ተነስቶ «ሂሱን እቀበላለሁ» ማለት አለበት። ካላለ ስብሰባው አያልቅም።

ማርቆስ ትንሽ አሰበና «ተናገሪ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ተነሺና ተናገሪ። እኔን አይለቁኝም፤ የኔ ነገር አልቋል። ሁለታችንም ከደመወዝ ከወጣን ልጆቹ ምን ይበላሉ?»

«ባሌን ሰው ፊት አልከስም።»

«ክስ አይደለም አስቱ፣ ቲያትር ነው በይው። ‹ቤት ውስጥ ሰው ይሰበስባል፣ ተው ብለው እምቢ አለኝ› ትያለሽ። አለቀ። ይኸው ከድሬ ይመስክር፣ በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ወደኔ ዞረች። «ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

የሰው ትዳር ነው፣ ምን እላለሁ። «አላህ ያግዛችሁ» አልኳት። ማርቆስ የጨርቅ መለኪያዬን ሜትር አንስቶ እንደ ማይክሮፎን አፏ ላይ ደገነውና የሰብሳቢውን ድምፅ እያስመሰለ «ጓድ አስቴር፣ መድረኩ ያንቺ ነው!» አለ። መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ ሳቀች። ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ አስባላት፤ ስትስት እየሳቁ እንደገና። አብረው ሲስቁ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለ አንድ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ሙቀቱ ለጉድ ነው። የጋሽ ዳንጊሶ ወንበር ባዶ። መጀመሪያ እኔን አስነሱኝ። «ጓድ ማርቆስ ላይ የማውቀው ጥፋት የለም» አልኩ። መሃል ሰፋሪ ተባልኩ፤ በዓመቱ የሱቄ ውል አልታደሰም፣ እርሱ ሌላ ታሪክ ነው። ከኔ በኋላ አስቴር ተነሳች። የተለማመደችውን ቃል በቃል አለች፤ ቤት ውስጥ ሰው ይሰበስባል፣ ተው ብለው እምቢ አለኝ። ልትቀመጥ ስትል ሰብሳቢው እጁን አነሳ።

«ይሄን እኛም እናውቃለን። ሌላ?»

ዝም አለች።

«ጓድ አስቴር፣ ባልሽን እየሸፈንሽ ነው።»

ማርቆስ ከፊት ወንበር ዞሮ አያት፤ አይዞሽ፣ ጨርሰሻል፣ ተቀመጪ የሚል አስተያየት ነበር። እርሷም አየችው። ምን እንዳየችበት አላውቅም። ድምፅዋ ሲወጣ የተለማመደችው ድምፅ አልነበረም።

«ልጄ ስትሞት ይሄ ሰው ቱላ ነበር» አለች። «ትኩሳቱ እንደጀመራት ሰው ላኩበት። ‹ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እመጣለሁ› አለኝ። እንደገና ላኩበት። ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ጎረቤት ነው፣ በጋሪ፣ በዝናብ። እርሱ ሲመጣ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ሕዝብ ሕዝብ ይላል። እኛስ ሕዝብ አይደለንም?»

የሊጉ ሴቶች መሬት መሬት አዩ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ መንገድ ዘግቶበት ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ሁላችንም እንደዚያ ነበር ያሰብነው። ሰብሳቢው ብቻ ፊቱ በራ፤ የፈለገውን ሳይሆን ከፈለገው በላይ አገኘ። «ጓድ ማርቆስ» አለ፣ «ምን ትላለህ?»

ማርቆስ ተነሳ። ያ የሠርጉ ቡናማ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሳስቶ ነበር። ሰብሳቢውን አላየም፣ ዞሮ የቆመው ወደ ሚስቱ ነው። «ሂሱን እቀበላለሁ» አለ። ያንን ቃል በስንት ስብሰባ ሰምቻለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ከልቡ ሲለው የሰማሁት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከድርጅቱ አባረሩት። ከዚያ ከማስተማሩም። ቤት ለቤት እየዞረ የሰው ልጆች ሲያስጠና ኖረ፤ በዚያች ሱሪ፣ በዚያው ረጅም እግሩ፣ ጸሐይና ዝናብ ሳይል። አስቴርን ግን አነሷት። ያ ንግግሯ አርአያ ተባለ። የክፍለ ከተማው የሴቶች ሊግ ኃላፊ አደረጓትና በየሥልጠናው ያንኑ ከመድረክ እንድትደግመው ጠየቋት፤ ልጇ እንዴት እንደሞተች፣ ባሏ የት እንደነበር። አንድ ጊዜ ሌላ ከተማ ወስደዋት ደገመችው። ሲጨበጨብላት መድረኩ ላይ አስመለሳት። ከዚያ ወዲህ አሞኛል እያለች ቀረች፤ እነርሱም ቀስ ብለው ወንበሯን ወሰዱ። በዚያች አጭር ጊዜ ያደረገችው አንድ ነገር ነው፤ እየተመላለሰች ጋሽ ዳንጊሶን አስፈታች። መሬታቸውን ግን ማዳን አልቻለችም። ግሬደር በገባ ዕለት ሄጄ ነበር። ጋሽ ዳንጊሶና ልጆቻቸው እንሰቱን ከነሥሩ እየነቀሉ በራሳቸው ተሸክመው ወደ ወንድማቸው ቦታ ያመላልሱ ነበር። ሰው ንብረቱን በጋሪ ሲያጓጉዝ አይቻለሁ፤ ጓሮውን ተሸክሞ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው። አብዛኛው አልያዘም፣ ደረቀ። እርሳቸውም ብዙ አልቆዩም።

ከዚያ ወዲህ ስሙም፣ ቀለሙም፣ መፈክሩም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ሰብሳቢው በደህና ጡረታ ወጥቶ ሐይቁ ዳር በጠዋት ሲራመድ አያለሁ፤ ሰላም ይለኛል። ወጣቶቹ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ሱቄ ውስጥ፣ አሁን አዲስ ከተማ ባለችው ጠባቧ ሱቅ፣ ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ፤ ከውስጥ ሆነን ነው የምንለውጠው ይላሉ። አፌን ልከፍት እልና እተወዋለሁ። ምን ልላቸው ነው? አትሞክሩ? ማርቆስ ቢሰማኝ ያፍርብኛል።

ማርቆስ ከሞተ ቆይቷል። ካናቴራውን ባሸተትኩ በማግስቱ አስቴርን ልጠይቃት ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ልጆቿ ቱላ መንገድ ላይ ከሠሯት ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ ድሮ በቆሎ የነበረበት ሁሉ አሁን ቆርቆሮና ብሎኬት ነው። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል። ሻይ አፈላችልኝ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ልጆቹ አወራን። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ ጠየቅኋት፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቄያት አላውቅም።

«አስቴር፣ ያን ቀን ከስብሰባው ስትወጡ ማርቆስ ምን አለሽ?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ የኖረች ትመስል ነበር።

«ምንም አላለኝም፣ ጋሽ ከድር። እስከ ቤት በእግራችን ሄድን። ሰው ሁሉ ያየናል። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ይመታኛልም ብዬ ጠበቅኩ። መትቶኝ አያውቅም፣ ግን ያን ቀን ጠበቅኩ። ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ቆመና ‹ልጅቷ ስትሞት ጠርታኝ ነበር?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹አፏን መቼ ፈታችና ነው የምትጠራህ?› አልኩት። ‹የጠራሁህ እኔ ነኝ› አልኩት።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ዘፈኑን ከፍቶ አለፈ። እስኪርቅ ጠበቀች።

«ከዚያ ወዲያ ስሙን ስጠራ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። ጨው አቀብለኝ ልለው ብጠራው፣ ብድግ። እየበላ እንደሆነ ጉርሻውን ጥሎ፣ ተኝቶ እንደሆነ በባዶ እግሩ እየሮጠ ይመጣል። ፊቴ ይቆምና ‹አቤት› ይለኛል፣ እንደ ተማሪ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ይበለው እል ነበር። ቆይቶ ግን ሲነሳ የወንበሩን ድምፅ መስማት አቃተኝ። አረጀ እኮ፣ ጉልበቱን ያመው ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ይነሳል። ‹ተቀመጥ፣ ምንም አልፈልግም› እለዋለሁ፣ አይቀመጥም።»

«ታዲያ እንዴት ሆናችሁ?»

«መጥራት ተውኩ» አለችኝ።